ከጫሞ ጀልባ እስከ ባሕር መርከብ፦ አክሲዮን ገዝቶ ስለ መቆየት



ይህ ጽሑፍ ከዒሻ ሶላት በኋላ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ሲሆን፣ የመስጊዳችን ኮሚቴ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት እንዲወጣ ስለጠየቀኝ እንደገና አስተካክዬ አቅርቤዋለሁ። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በሲቀላ ገበያ ያሳለፍኩ ነጋዴ ነኝ። ስለ ሸሪዓው የማነሳው ከዑለማዎች የሰማሁትን ብቻ ነው።

ለንግግሩ መነሻ የሆነው የአንድ ወጣት ጥያቄ ነበር። «ጋሼ፣ ባንክ አስቀምጠን ወለድ አንወስድም፤ ቤት ብናስቀምጠው ኑሮ ውድነቱ ይበላዋል። ታዲያ አክሲዮን ገዝተን ብንቆይስ?» አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከቅርባችን ልጀምር።

ወደ ጫሞ ሐይቅ እንውረድ። አዞ ለማየት የሚመጣውን እንግዳ በሞተር ጀልባ የሚያመላልሱ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። እስቲ ዐሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ብር አዋጥተው በ500,000 ብር አንዲት ጀልባ ከነሞተሯ ገዙ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ሞተሩ ተበላሽቶ ገቢው ሁሉ ለጥገና ዋለ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ እንደሆነው ሁሉ፣ እንግዳ ጠፋ። በዚህ መካከል ከዐሥሩ አንዱ ለልጁ ሠርግ ገንዘብ አስፈለገውና ድርሻውን በ30,000 ብር ሸጠ። ከዚያ በኋላ እንግዳው ተመለሰ፤ የቆዩት ዘጠኙና ድርሻውን የገዛው ሰው በየዓመቱ ትርፍ ተካፈሉ።

እንግዲህ ያን ሰው ማን አከሰረው? ጀልባዋ አይደለችም። ያከሰረው ለቅርብ ጉዳይ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለሩቅ ሥራ ማዋሉ ነው። አክሲዮን ማለት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ወረቀቱ የሎተሪ ቲኬት ሳይሆን የጀልባዋ ዐሥረኛ እጅ ነው፤ የያዘው ሰውም በትርፉም በኪሳራውም ባለቤት ነው።

ጀልባን ምሳሌ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አክሲዮን የተባለው ነገር ራሱ ከባሕር ሥራ ጋር አብሮ ያደገ ነው። መርከብ ውድ ስለሆነና አደጋውም ብዙ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። የእስልምና ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ በየብስም በባሕርም ሙዷረባ በሚባለው ስምምነት ይነግዱ ነበር፤ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል፣ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። በእንግሊዝ አገር የአንዲት መርከብ ባለቤትነት በ64 ድርሻ መከፈሉ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያም ለመርከብ ንግዱ ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ፣ ድርሻው በአምስተርዳም ከሰው ወደ ሰው ይሸጥ ነበር።

በአገራችንም የመርከብ ኩባንያ አለ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ። በኋላ ዘመን በስሙ «አክሲዮን ማኅበር» ቢባልም ባለቤቱ መንግሥት ብቻ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከባሕር ትራንዚት እና ከደረቅ ወደብ ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነ። ይህ ድርጅት በሕይወቱ ያላየው የለም፤ አብዮት አለፈበት፣ አሰብ ከእጅ ወጥቶ ሥራው ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ አገሪቱ ወደብ አልባ ሆነች። ሆኖም መርከቦቹ መሥራታቸውን አላቆሙም። በእነዚያ ክፉ ዓመታት ድርሻው በሕዝብ እጅ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን ደንግጠን በርካሽ እንሸጠው ነበር?

የባሕር ሥራ ጠባዩ እንዲህ ነው። የዴንማርኩ ማርስክ በዓለም ከታወቁት የመርከብ ኩባንያዎች አንዱ ነው። ከኮሮና በኋላ የጭነት ዋጋ ሰማይ ሲነካ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 29 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ዋጋው ወርዶ ትርፉ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቀነሰ። በ2022 የሰማውን ወሬ ይዞ ለአንድ ዓመት ብቻ የገባ ሰው ምን እንዳገኘው ገምቱ። አንዲት መርከብ 25 ዓመት ያህል ትሠራለች፤ ባለቤቷም መቁጠር ያለበት በዓመታት እንጂ በወራት አይደለም።

ወደ ዛሬው ገበያ እንመለስ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከ47,000 በላይ ሰዎች ገዙ፤ የተሸጠው ግን ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ባንኮች ነበሩ። ስለዚህ የሐላልና የሐራም ጥያቄ ከደጃችን ደርሷል ማለት ነው።

ዑለማዎች በዚህ ላይ ምን ይላሉ? ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሥራው የተፈቀደ አክሲዮን ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል፣ ዋና ሥራው ወለድ ወይም ሌላ ሐራም በሆነ ኩባንያ ውስጥ መግባት ግን ያለ ክርክር ክልክል እንደሆነ ወሰነ። ዋና ሥራው ሐላል ሆኖ አልፎ አልፎ ከወለድ ጋር በሚነካካው ላይም መሠረቱ ክልከላ ነው አለ። ሌሎች፣ ለምሳሌ በባሕሬን የሚገኘው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት፣ ለዚህ ዓይነቱ ኩባንያ ገደብ አበጅተዋል፤ የወለድ ብድሩ ከአክሲዮኖቹ የገበያ ዋጋ 30 በመቶ፣ ያልተፈቀደው ገቢም ከጠቅላላው 5 በመቶ እንዳያልፍ፣ ከትርፉ ውስጥ ያ ክፍል ተለይቶ እንዲወጣ ይላሉ። መርከብ ዕቃ ያጓጉዛል፤ ሥራው ሐላል ነው። ነገር ግን መርከብ የሚገዛው ብዙ ጊዜ በብድር ስለሆነ የሒሳብ መግለጫውን ሳያዩ «ሐላል ነው» ማለት አይቻልም።

የዘካው ነገር እንዳይረሳ። አትርፎ ለመሸጥ የተገዛ አክሲዮን እንደ ንግድ ዕቃ በገበያ ዋጋው ተተምኖ 2.5 በመቶ ይወጣበታል። ለትርፍ ድርሻው ብቻ ተይዞ በሚቆየው ላይ ዑለማዎች በዝርዝሩ ስለሚለያዩ ኢማማችሁን ጠይቁ።

አሁን አፍሬ ለብዙ ዘመን የደበቅሁትን ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት በምሥረታ ላይ ነው የተባለ አንድ ኩባንያ አክሲዮን ገዛሁ። የራሴ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ ነበር፤ የሟች ወንድሜ ሚስት ሙዝ ሸጣ ለልጆቿ ያጠራቀመችውንም «ጨምሪ፣ ታግሰን እንበላለን» ብዬ አስገባሁባት። ኩባንያው ሳይመሠረት ቀረ። እኔ ለዓመታት «ትዕግሥት ነው» እያልኩ ደረሰኙን በሳጥን ቆልፌ ተቀመጥኩ። የየቲሞች ገንዘብ መሆኑ እንቅልፍ ስለነሳኝ ከሱቄ እየቀነስኩ በአራት ዓመት መለስኩላት። እሷ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ይህ ደግሞ ከወቀሳ የባሰ ነበር።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ትዕግሥት የሚጠቅመው ለሚሠራ ኩባንያ ነው። ሞተር የሌላትን ጀልባ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ትዕግሥት አይባልም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ኩባንያው ምን ሠርቶ ነው የሚያተርፈው? ለሚስታችሁ ወይም ለባላችሁ በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻላችሁ አትግዙ።

ሁለተኛ፣ የሦስትና የአምስት ዓመት ሒሳቡን ኦዲተር አይቶታልን? ዕዳው ስንት ነው? ገና በምሥረታ ላይ ከሆነስ ገንዘቡ በባንክ በዝግ ሒሳብ መግባቱ፣ ሽያጩን የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማወቁ ተረጋግጧልን?

ሦስተኛ፣ ልሽጥ ብል ማን ይገዛኛል? በተደራጀው ገበያ ያልተመዘገበን አክሲዮን የሚገዛ ሰው ለማግኘት ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አራተኛ፣ ይህ ገንዘብ ለዐሥር ዓመት ባይመለስ ቤቴ ምን ይሆናል? የሕክምና፣ የትምህርት ቤትና የዕቁብ ገንዘብ ለአክሲዮን አይሆንም። የየቲም አደራማ ከናካቴው አይነካም።

አምስተኛ፣ ሁሉን በአንድ ጀልባ አትጫኑ። ከገዛችሁም በኋላ ተኝታችሁ አትቆዩ፤ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ተገኙ፣ የሒሳብ መግለጫውን አንብቡ፣ ጠይቁ። የአክሲዮኑን ማስረጃ ደግሞ ለቤተሰብ አሳውቁ፤ ባለቤቱ ሞቶ ወራሹ የማያውቀው ድርሻ ብዙ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ በቂ መልስ ካገኛችሁ ግዙና ቆዩ። ዋጋው ወረደ በተባለ ቁጥር አትደንግጡ፤ ወጣ በተባለም ቁጥር አትቸኩሉ። ጀልባዋ እየሠራች እስከሆነች ድረስ ሐይቁ ቢናወጥም የሚያልፍ ነው። መልስ ካላገኛችሁ ግን ሻጩ ምንም ዘመድ ቢሆን፣ ሶላት አብሯችሁ ቢሰግድም እንኳ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ አደራችንንም ያስጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።