ከሱቁ በላይ ያለው መኖሪያ

(ድምፅ፦ የእግረኞች ኮቴ፣ የሲኒ ኳኳታ)

አቅራቢ፦ በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ፣ ስቲቨንስ ክሪክ በተባለው ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ ሁለት የገበያ ስፍራዎች ይተያያሉ። ቫሊ ፌር ጣሪያ ያለው ትልቅ ሞል ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሳንታና ሮው ግን መንገድ ነው፤ ከታች ሱቅና ምግብ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ። የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ለሚያውቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዳቦ ቤቱም ጸጉር ቤቱም ከደረጃው ሥር ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ሲመሽ ነው። ሞል ሱቆቹ ሲዘጉ ይጨልማል። በቢሮ የተሞላ መሀል ከተማም ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ ጭር ይላል። ሰው የሚኖርበት መንገድ ላይ ግን ጠዋት ውሻ የሚያናፍሰው፣ ቀን የሚሸምተው፣ ማታ እራት የሚበላው ይፈራረቃል። የከተማ ጉዳይ ጸሐፊዋ ጄን ጄከብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ጎዳናን የሚጠብቀው የነዋሪው ዓይን ነው ብላ የተከራከረችው ለዚህ ነው።

የሚያሳዝነው፣ የሞል አባት የሚባለው ቪክተር ግሩንም ያለመው ይህንኑ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ የተከፈተውን ሳውዝዴልን ሲነድፍ ዙሪያው መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና እንዲሆን አስቦ ነበር። ሞሉን የከበበው ግን የመኪና ማቆሚያ ሆነ።

ሳንታና ሮውም እንከን አያጣም፤ ውድ ነው። ከታች ቡና የምትቀዳው ልጅ ከላይ ያለውን ቤት ለመከራየት አቅሟ አይፈቅድም፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።