ትምህርት ቤቱን ማን መረጠው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

 

ኢኮኖሚክስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ባንክ፣ ዶላር፣ ማሽካንታ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጆቻችን ነው። በዓለም ላይ ከሚጠቀሱት የኢኮኖሚክስ ጥናቶች አንዱ ስለ እኛው የተጻፈ ነው፤ ከመካከላችን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

አንድ ልጅ በባግሩት ሲወድቅ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ይላካል። «ወላጆቹ አልተማሩም፣ ዕብራይስጥ አይችሉም፣ ምን ይደረግ?» ይባላል። እውነት ነው ወይ? ይህን ለማወቅ ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረውን ደካማ ትምህርት ቤት ከተማረው ጋር ማወዳደር ብቻ አይበቃም። ለምን ቢባል፣ አቅም ያለው ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበትን ሰፈር መርጦ ይገባል። ልጁ የተሳካለት በትምህርት ቤቱ ይሁን በአባቱ ኪስ፣ መለየት ያስቸግራል።

የእኛ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በግንቦት 1983፣ ማለትም በፈረንጆቹ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ እስራኤል ገቡ። እዚህ ሰፈር ልኑር ብሎ የመረጠ የለም። ቦታ ወደተገኘበት ሜርካዝ ክሊታ ተላኩ፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ። ልጆቹም በአካባቢው ወዳለ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በጊዜው አብዛኞቹ ወደ ማምላኽቲ ዳቲ ነበር የተላኩት። አንዱ ጠንካራ ትምህርት ቤት ደረሰው፣ ሌላው ደካማ። ዕጣ እንደ መጣል ማለት ነው።

ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤለ ፓሰርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ልጆች በመዝገብ ተከታትለው በ2004 ጥናታቸውን አሳተሙ። ጥሩ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ልጆች ወላጆች ከሌሎቹ ይለዩ እንደሆነ መረመሩ፤ አይለዩም። ውጤቱ ግን ተለየ። በአንደኛ ደረጃ የተሻለ ትምህርት ቤት የገቡት ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርት የሚያቋርጠውና ክፍል የሚደግመው አነሰ፣ ባግሩት የሚያልፈው በዛ። ወላጆቹ ያው፣ አማርኛው ያው፣ አውሮፕላኑም ያው! የተለየው ልጁ የገባበት በር ነው።

ይህ ማለት ቤት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጥናቱ የእኛን ልጆች ከእኛው ልጆች ጋር ነው ያወዳደረው፤ ስለ መድልዎም አልለካም። ደግሞም ጥናት ሁሉ እንደ ኦሪት የሚያዝ አይደለም። ይኸው ላቪ፣ በኋላ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተካፈለው ጆሹዋ አንግሪስት ጋር ሆኖ፣ በ1999 ስለ ክፍል መጠን ጻፈ። ራምባም አንድ መምህር ከ40 በላይ ልጆች አይያዝ ብሏልና፣ በጊዜው እዚህ አገር 41ኛው ልጅ ሲመጣ ክፍሉ ለሁለት ይከፈል ነበር። ያኔ አነስተኛ ክፍል ውጤት ያሻሽላል አሉ። ከ20 ዓመት በኋላ በአዲስ መረጃ ቢያዩት ያ ውጤት አልታይ አለ፤ ይህንንም ራሳቸው ጻፉት። እኔ እንዲያውም ይበልጥ ያመንኳቸው በዚህ ነው።

እንግዲህ ወላጆች፣ በሚቀጥለው አሰፋት ሆሪም «ልጄ ጨዋ ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። በሒሳብ የትኛው ሀክባጻ ውስጥ ነው? ማን መደበው? ወደ 4 ወይም 5 የሂዶት ለመግባት ምን ይጎድለዋል? ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጡ ለሚከብዳቸው ወላጆች እናንተ ወጣቶች አብራችሁ ሂዱላቸው። ልጁ ራሱ ግን አስተርጓሚ አይሁን፤ ያኔ መምህርቷ የተናገረችውና እናቱ የሰሙት ለየቅል ነው።