ፋኖስ ከጣና ዳር እስከ ጉና ጫፍ



የመብራት ነገር በተነሣ ቁጥር የመሐንዲስ አሳብ ወደ ግድብና ወደ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር መሄዱ የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ግን በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄደው መብራት፣ ይኸውም ፋኖስ ነው። መስመሩ ደብረ ታቦር ከተማ ቢደርስም፣ በማማ ላይ ሆኖ አዝመራውን ከከርከሮና ከጃርት የሚጠብቀው ገበሬ፣ በፎገራና በደራ በኩል ጎሕ ሳይቀድ መረቡን ሊያነሣ ወደ ጣና የሚወጣው ዓሣ አጥማጅ፣ በጉና ተዳፋት ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድረው ተጓዥ፣ ሁሉም ከምሰሶና ከሽቦ ርቀው ያሉ ናቸውና መብራታቸውን ይዘው መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል።

ከነዚህ መብራቶች ሁሉ ታናሹ ኩራዝ ነው። ከባዶ ጣሳ ወይም ከጠርሙስ ይሠራል፤ ክርና ላምባ ብቻ ይበቃዋል። የሠሪው ብልኃት የሚመሰገን ቢሆንም ውጤቱ እጅግ አነስተኛ ነው። ብርሃኑ ዐሥር ሉመን ገደማ ሲሆን፣ ላምባው ከሚሰጠው ኃይል ውስጥ ከሺህ አንዱ እንኳ ወደ ብርሃን አይለወጥም፤ የቀረው ሙቀትና ጥላሸት ነው። ኩራዝን በደንገል ታንኳ ላይ ይዞ መውጣት ደግሞ በደረቅ ሣር ክምር ላይ እሳት ይዞ ከመቀመጥ ብዙም አይለይም።

ፋኖስ ከዚህ የሚለይበት ዋና ነገር መስተዋቱ አይደለም፤ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ ቱቦዎች ናቸው። አሜሪካዊው ጆን ኧርዊን በ1860ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ያመጣው አሳብ፣ ለነበልባሉ የሚያስፈልገው አየር ከላይ ገብቶ በቱቦዎቹ ወርዶ ከክሩ ሥር እንዲደርስ ማድረግ ነበር። ነፋስ ሲነፍስ ግፊቱ በመግቢያውም በመውጫውም ላይ በአንድነት ስለሚጨምር ነበልባሉ ይናወጣል እንጂ አይጠፋም። ማሾ ደግሞ ላምባውን በግፊት አትንኖ፣ ኦስትሪያዊው ካርል አወር በ1885 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈውን በእሳት የሚግል የክር መረብ ያበራል። ብርሃኑ ከፋኖስ ብዙ እጥፍ ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን እንጂ ለአንድ መንገደኛ ግን ጫጫታውም ፍጆታውም ይበዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። እሳት የሚበላው ላምባን ብቻ አይደለም፤ አየርንም ይበላል። በጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 ከመቶ ያህል ነው። በደብረ ታቦር፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 72 ከመቶ ይወርዳል። ከ4,100 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ጫፍ 60 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ያው አንዱ ፋኖስ ርብና ጉማራ ቁልቁል የሚፈሱበትን አገር ሽቅብ ሲወጣ፣ በቱቦዎቹ የሚስበው ኦክስጅን በየደረጃው እየቀነሰ ይሄዳል። ባለቤቱ ብርሃን አነሰኝ ብሎ ክሩን ከፍ ያደርጋል፤ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ጫፉ ይቀላል፣ መስተዋቱ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ብርሃኑ ከቀድሞው የባሰ ያንሳል። ጥፋቱም ላምባውን በሸጠው ነጋዴ ላይ ሊጣል ይችላል። መድኃኒቱ ግን ገንዘብ አያስወጣም፦ ክሩን ዝቅ ማድረግ፣ ነበልባሉ ቀንድ እንዳያወጣ የክሩን ማዕዘኖች በመቀስ ማለዘብ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ የተጋገረውን ጥላሸት ማራገፍ። ማሾውም ቢሆን አፈሙዙ የተለካው ለቆላ አየር ሊሆን ስለሚችል፣ በደጋ ሲበራ ቀነስ አድርጎ መንፋት ይሻላል።

ይኸው የአየር ማነስ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ወደ ሕይወት ጉዳይ ይለወጣል። ሙሉ ለሙሉ ያልተቃጠለ ላምባ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታና ቀለም የሌለው ጋዝ ያወጣል። በጉና ከፍታ የሰው ደም አስቀድሞም ኦክስጅን ያነሰው በመሆኑ አደጋው ይብሳል። ስለ ብርድ ተብሎ የድንኳኑን አፍ ዘግቶ ፋኖስ አብርቶ መተኛት ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በዚህ ምክንያት የኤል ኢ ዲ ፋኖስ መምጣት ታላቅ ነገር ነው። አንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ አይጨስም፣ በነፋስም አይጠፋም። ሆኖም ፋኖሱን ለመሸጥ የሚታሰበው በጥር ፀሐይ ሲሆን፣ ገበሬው የሚጨነቅበት በነሐሴ ደመና ነው። አንድ ዋት የሚወስድ መብራት ስድስት ሰዓት ቢበራ ስድስት ዋት ሰዓት ይፈጃል። በክረምት በቀን የሚገኘው የሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ቢሆንና በመንገድ ሢሶው ቢባክን፣ ሰሌዳው ከሦስት ዋት ማነስ የለበትም። አንድ ዋት ተኩል የሆነው ሰሌዳ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ባለቤቱን በጨለማ ይተወዋል።

ቅዝቃዜም የራሱ ጣጣ አለው። በፊንላንድ በበረዶ በተሸፈነ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚያውቁት ችግር፣ ውርጭ በሚጥልበት የጉና ሌሊትም ይገኛል፤ ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይደክማል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል ቢሞላበት ደግሞ ውስጡ ይበላሻል። ሌሊት ባትሪውን ከጋቢ ሥር ማሳደር፣ ጧትም ሙቀት እስኪያገኝ ከሰሌዳው ጋር አለማገናኘት ይገባል።

ብርሃን ማብዛት ብቻም ማሻሻል አይባልም። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በታንኳ ላይ በዓይን አንጻር የተሰቀለ ብርቱ መብራት ግን አጥማጁን ከውሃው ይልቅ መብራቱን ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል። ከላይና በባለቤቱ ፊት በኩል የቆርቆሮ ግርዶሽ ተደርጎለት ወደ መረቡ ብቻ የሚያበራ 50 ሉመን፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ከሚበተን 200 ሉመን የበለጠ ያገለግላል።

ከሁሉ የሚከፋው ባትሪው የደከመ የሶላር ፋኖስ፣ አምፖሉና ሰሌዳው ደኅና ሳሉ፣ መያዣው በሙጫ ስለ ተዘጋ ብቻ የሚጣል መሆኑ ነው። ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነበር፤ ዛሬም ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን እጅ በከተማው አይታጣም። ይህ እጅ እንዲሠራ ግን ዕቃው መከፈት አለበት። ፋኖስ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ በጨረታ ሰነዱ ላይ መያዣው በብሎን እንዲዘጋ፣ ባትሪውም 18 ሚሊ ሜትር ወርድና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የተለመደው ዓይነት እንዲሆን ሊጽፍ ይገባል። በክዳኑ ውስጥ ደግሞ የባትሪው ቮልት በአማርኛ ይታተም፤ በመልክና በመጠን አንድ የሚመስሉት የ3.2 እና የ3.7 ቮልት ባትሪዎች አንዱ በሌላው ቦታ ሊገቡ አይገባምና፣ ጠጋኙ ይህን ሳያውቅ እንዳይለዋውጣቸው።