መሪው እንዲፈጥን ራክ ከመቀየራችን በፊት
(ለጅማና ለአካባቢዋ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ሹፌሮች፣ ባለንብረቶች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች። የቡናው ጭነት ተጀምሮ መንገዱ ሳይጨናነቅ ተሰባስበን ስለ መሪ እንድናወራ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ሰሞኑን ጋራዥ የሚመጡ ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ "መሪው ፈጠን እንዲል ሌላ ራክ ግጠሙልኝ" ይላሉ። ቪትዝ የያዘ ይላል፣ ኮሮላ የያዘ ይላል። ሚኒባስ ይዞ የሚጠይቅም አለ። ጥያቄው ነውር የለውም። መልሱ ግን የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ ተረጋግተን እንየው። የአይሱዙ ኤንፒአርና የላንድክሩዘር 70 መሪ የሚሠራው በራክ ሳይሆን በመሪ ቦክስ ስለሆነ ዛሬ አላነሣቸውም።

ራክ ማለት ጥርስ ያለው ረጅም ብረት ነው። ከመሪው ዘንግ ጫፍ ያለችው ትንሽ ጥርስ፣ ፒኒየን የምንላት፣ ስትዞር ብረቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትገፋዋለች። ፍጥነቱ የሚወሰነው መሪው አንድ ዙር ሲዞር ብረቱ በሚሄደው ርቀት ነው። ልኩ 16 ለ1 በሆነ መኪና መሪውን 48 ዲግሪ ብታዞሩ ጎማው 3 ዲግሪ ይዞራል። 12 ለ1 ብታደርጉት ያው የእጅ እንቅስቃሴ 4 ዲግሪ ያዞረዋል። በእሽቅድምድም ሜዳ፣ ጎማው አስፋልት ነክሶ በያዘበት፣ ይህ ጥቅም ነው። ከአጋሮ ወደ ቡና ማሳዎቹ በሚገቡት የጠጠር መንገዶች ላይ ግን፣ ወይም ዝናብ ሲጥል የጎጀብን ቁልቁለት ስትወርዱ፣ ከጉድጓድ ለማምለጥ የሰጣችሁት ትንሽ ምት የፊት ጎማውን ካሰባችሁት በላይ ይወስደዋል። መሪውም ይከብዳል። ጉድጓዱ ራሱ ወደ እጃችሁ የሚመልሰው ምትም ይጨምራል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ሰው በምትጭኑበት መኪና ላይ ፋብሪካው የሰጠውን ልክ አትቀይሩ።

ደግሞም "መሪው ዘገየ" የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከራኩ ልክ ጋር አይገናኝም። የላላ ቴስቲኒ፣ ያለቀ ጎሚኒ፣ ነፋስ የጎደለው ጎማ ወይም የተበላሸ አላይመንት ነው። ለማወቅ ሁለት ሰው ይበቃል። መኪናው ቆሞ አንዱ መሪውን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዝ፤ ሌላው ከሥር ገብቶ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በመዳፉ ይያዝ። ብረቱ ቀድሞ ጎማው የሚዘገይበት ቦታ ላይ "ቷ" የሚል ምት እጁ ላይ ይሰማዋል። ቴስቲኒ ከሆነ የምታወጡት ገንዘብ ከራክ ጋር አይወዳደርም።

ምቱ ከራኩ ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥፋት የሚሠራው። ራክ የሚበላው መሀሉ ላይ ነው፤ ቀጥ ብለን ስንነዳ ሁልጊዜ የሚሠራው የመሀሉ ጥርስ ነውና። ዳርና ዳሩ አዲስ እንደሆነ ይቀራል። አንዳንድ መካኒክ ከኋላው ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ያጠብቅና "ተስተካከለ" ይላል። መሀሉ ጥብቅ ሲል ዳሩ ያንቃል። ኩርባ ላይ መሪውን አዙራችሁ ስትለቁት አይመለስም። የግቤን በረሃ ጠመዝማዛ የምታውቁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። መሀሉ ያለቀ ራክ ይቀየራል እንጂ አይጠብቅም።

መቀየሩ ግድ ሲሆን፣ አሮጌው ሳይፈታ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙራችሁ ዙሩን ቁጠሩ። ሦስት ዙር ከሆነ የምትገዙትም ሦስት ዙር ይሁን። ጠቅላላ ርዝመቱን፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን፣ የውስጥ መጋጠሚያዎቹን ርቀት ለኩ። ይህ የመጨረሻው በጣም ይረሳል፤ ራኩ ከቀድሞው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ወይም መጋጠሚያው ከጠበበ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እናንተ ሳትነኩት ራሱ ይዞራል። ለጭቃው ብለው ሞላው ላይ ጎማ አስገብተው መኪናቸውን ከፍ ያደረጉም ይህንኑ ችግር በራሳቸው ላይ አምጥተዋል።

ከሱማሌ ተራ ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ጠይቁ። ጃፓን በቀኝ መሪ ስለምትነዳ ከዚያ የመጣ ራክ ፒኒየኑ በወዲያኛው ጎን ነው፤ ለእኛ አይሆንም። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረለት መኪና ያላችሁ በሞዴል ስም ብቻ አትግዙ፤ አሮጌውን አስፈትታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የዳርና የዳሩን ሽብሽብ ላስቲክ ገልጣችሁ እዩ። ዘንጉ ዝገት ካለው፣ በዘይት የሚሠራ ሆኖ ላስቲኩ ውስጥ ዘይት ከተገኘ፣ ተዉት።

በነዳጅ የሚሠራ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም አላችሁ። በብዙዎቹ ላይ መሪውን የሚያግዘው ሞተር ራኩ ላይ ስለሆነ፣ ራኩ ተቀይሮ በኮምፒዩተር ካልተስተካከለ መሪው መሀሉን አያውቅም። መሣሪያው የሌለው ጋራዥ ባይነካው ይሻላል።

በሥራው ወቅት ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ መሪው ታስሮ ይቀመጥ፤ ነጻ ሆኖ ከዞረ ውስጡ ያለው ጥቅል ገመድ ይበጠሳል። የመሪው ዘንግ ብሎን መጥበቁን ባለንብረቱ ቆሞ ይይ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር አላይመንት።

ውጭ ከመኪና የወጣ ያለቀ ራክ አምጥቻለሁ። ረዳቶችም ጭምር ኑና መሀሉንና ዳሩን በእጃችሁ እየገፋችሁ ልዩነቱን ሞክሩት፤ ጥያቄያችሁንም እዚያው እመልሳለሁ።