ስለ ፈንዲቃ መዘጋትና ስለ እኛዋ ቤት
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ባህላችን በስደት» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ከበዓሉ ኮሚቴ ጋር ተመካክረን አጠበብነው፤ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ የነበረው አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። ከእናንተም መካከል አምሽታችሁበት የምታውቁ አትጠፉም፤ ፈንዲቃ ይባላል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከውጭ የመጣ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ድርጅት ነበረው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የተባለውን የእኛ ሰው ካዛንቺስ አደረገው። ጣልያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ። በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ አዳክሞት እንደነበር ትልልቆቻችን ታስታውሳላችሁ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሰፈሩ የአዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ፈንዲቃ ከእነዚያ አንዱ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጎረቤቶቹ እየተዘጉ ሄዱ፤ እሱ ግን ቆየ።

ለመቆየቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ነው። በወጣትነቱ ለሽልማት እየጨፈረ፣ ሌሊት እዚያው እየተኛ ለዓመታት ኖሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ተረከበው። ከዚያ በኋላ ፈንዲቃ የአዝማሪ ቤትነቱን ሳይለቅ የሥዕል ማሳያ፣ የግጥም ምሽትና የጃዝ መድረክ ጨመረ። ከዚያው ቤት የወጣው ኢትዮከለር የተባለው ቡድን የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ጭፈራ ይዞ አውሮፓና አሜሪካ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማዕከሉ ከኔዘርላንድ የፕሪንስ ክላውስን ሽልማት አገኘ።

ሽልማቱን እናክብረው እንጂ የቤቱ ቁም ነገር እሱ አይደለም። የአዝማሪ ቤትን የማያውቁ ልጆቻችን እዚህ ስላሉ ትንሽ እናስረዳ። ቤቱ ጠባብ ነው። ዱካዎቹ ተጠጋግተዋል፣ መድረክ የሚባል ከፍታ የለም፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በእናንተ ጉልበትና በጎረቤታችሁ ጉልበት መካከል ያልፋል። መልካችሁን አይቶ፣ ስማችሁን ጠይቆ፣ እዚያው በዚያው ይገጥምላችኋል፤ ሲያሰኘውም ይሸነቁጣችኋል። ተሰብሳቢው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሰም ለበስ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰው ቀድሞ ይስቃል፣ የቀረው ቆይቶ ይስቃል። ሽልማቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል። እንግዲህ ይህ ሥራ የግማሹ ባለቤት አድማጩ ነው። ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ አዝማሪውን በድምፅ ማጉያ ብታቆሙት ጥሩ ዘፋኝ ታገኛላችሁ፤ «ተቀበል» የሚለው ሰው ግን ድምፁ አይደርስም።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ተጀምሮ አሮጌው ፒያሳ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነና ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። ወዳጆቹ ከአገር ውስጥም ከውጭም እንዲተርፍ ተማጽነው ነበር፤ አልሆነም። መንገዱ መስፋቱን፣ ፍሳሹና መብራቱ መስተካከሉን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። እኛ ሞያሌዎች ስለ መንገድ ማማረር አያምርብንም። የምንለው፣ የአዝማሪ ቤት የሚሠራው ከአካባቢው ጋር ነው። አዝማሪው የሚያድርባት ክፍል፣ ከጨዋታ በኋላ ሽሮ የሚበላባት ጓዳ፣ በየማታው የሚመጣው የሰፈር ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ካልተነሡ አንዱን ነጥሎ ሌላ ቦታ መትከል ከባድ ነው።

በተቀመጥንበት አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ያነቡት ይሆናል። በሊሙሩ፣ ካሚሪቱ በምትባል መንደር ነዋሪዎቹ በገዛ እጃቸው ጣሪያ የሌለው ቴአትር ቤት ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ የጻፉትን ተውኔት በኪኩዩ ቋንቋ አሳዩ። ተዋንያኑ ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። በሳምንታት ውስጥ ፈቃዱ ተነጠቀ፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያለ ፍርድ ታሰረ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ፖሊስ መጥቶ ቴአትር ቤቱን ደመሰሰው። ያ የተዘጋው ተፈርቶ ነው። ፈንዲቃን ግን የፈራው ሰው አልነበረም፤ የተነሣው በፕላን ነው። ለእኛ ለሞያሌዎች የሚቀርበን ይህኛው ነው፤ ምክንያቱን አሁን እንናገራለን።

እናንተ የምታውቋት የእኛ ቤት ማባቲ የለበሰች አንዲት ሰፊ ክፍል ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆች እስክስታ ይማሩባታል፣ አንድ ጎንደሬ አባታችን ማሲንቆ ያስይዟቸዋል። ጠጅ የለም፤ የሚቀርበው በወተት የተፈላ ሻይ ነው፤ በዚህም ምክንያት ቦረናውም ጋሪውም ጎረቤታችን ልጁን ይዞ ሳይሳቀቅ ይገባል። ቡርጂዎቹ እናቶቻችን የራሳቸውን ጨዋታ አምጥተውባታል። ከዚህኛው ሞያሌና ከማዶው ሞያሌ ሰው ለሐዘንና ለሠርግ ብቻ ሳይሆን እንዲሁ ለመሳቅ የሚገናኝባት ሌላ ቦታ የለችንም።

ድሮ ከኢሲዮሎ በላይ በከብት መኪና ላይ ተንጠልጥለን፣ አቧራ ለብሰን ነበር የምንመጣው። አስፋልቱ ተጠናቆ ከናይሮቢ እዚህ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻም የጋራው የድንበር ኬላ ተመረቀ። መሬት ተወደደ። የቤቷ ባለቤት ፎቅ ሊሠሩ አስበዋል፤ ውላችን ሲያበቃ እንደማያድሱልን በትሕትና ነግረውናል። አንወቅሳቸውም፤ ልጆች አሏቸው።

ከመካከላችን «ዛሬ ሁሉም በስልክ ይታያል፣ ቤት ምን ያደርጋል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስልኩን እኛም እንወደዋለን፤ የመላኩን ጭፈራ ያየነውም አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ነው። ነገር ግን ልጃችን ስልኩን «ተቀበል!» ብትለው አይቀበላትም። ስታፍርም አያያትም፤ ስትደፍርም ግንባሯ ላይ ብር የሚለጥፍላት አጎት የለም።

ስለዚህ ኮሚቴው ለኢዮቤልዩው መታሰቢያ በእብነ በረድ ሊያሠራው ያሰበው ሐውልት ይቅር፤ የተዋጣው ገንዘብ ለአንድ ክፍል ቦታ መግዣ መነሻ ይሁን ብለን እንጠይቃለን። ገንዘቡ እንደማይበቃ እናውቃለን። የቀረውን በእቁብ መልክ ለማዋጣት ከሠላሳ በላይ አባላት ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከማዶ የመጣችሁ በብር፣ የዚህ ነዋሪዎች በሽልንግ መመዝገብ ትችላላችሁ። ጠቅላላ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል።

ዛሬ ማታ ጨዋታው እዚያችው ክፍል ነው። ሻዩ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ይፈላል፤ ዱካ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።