የጎደለ ጥርስን ስለ መተካት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ሰው የታመመ መንጋጋውን ሲነቀል ሕመሙ ስለሚያርፍለት ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ይሽራል፤ ድዱም ይገጥማል፤ ባለቤቱም በሌላው ወገን እያኘከ ኑሮውን ይቀጥላል። ነገር ግን በአፉ ውስጥ ያለው ሥርዓት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ በቀስ መለወጡ አይቀርም። ጥርስ በቦታው ጸንቶ የሚኖረው በሥሩ ብቻ ሳይሆን፣ በግራና በቀኙ ባሉት ጎረቤቶቹ፣ እንዲሁም ከወዲያ በኩል በሚገጥመው ጥርስ ድጋፍ ጭምር ነው። አንዱ ሲጎድል ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ይገጥመው የነበረውም የሚያርፍበት ስለሚያጣ ከድዱ እየወጣ ይረዝማል። ሥሩን አቅፎ የነበረው የመንጋጋ አጥንትም ሥራ ስለሚፈታ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ይህም የሚበረታው ጥርሱ በተነቀለ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው።

የጎደለው የፊት ጥርስ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱ በአነጋገር ላይ ይታያል። «ፈ» የሚለውን ድምፅ የምናወጣው የላይኛውን የፊት ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ አሳርፈን ነው፤ «ሰ» እና «ዘ»ም ያለ ፊት ጥርስ ጥርት ብለው አይወጡም። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ የሚያነጋግር ወይም በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባዔ የሚያነብ ሰው እጁን ወደ አፉ መውሰድ ይለምዳል። ውሎ አድሮም በልቡ በቂ ሐሳብ እያለው ዝም ማለትን ይመርጣል። እንዲህ ያለው ዝምታ ለራሱም ለመሥሪያ ቤቱም ኪሳራ ነው።

የጎደለውን ለመተካት ያሉት መንገዶች በጠቅላላው ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለቤቱ ራሱ እያወለቀ የሚያጥበውና መልሶ የሚያገባው ወላቂ ጥርስ ነው። ሁለተኛው ሐኪሙ ካሰረው በኋላ ከአፍ የማይወጣው የማይወልቅ ጥርስ ነው።

ወላቂው ጥርስ ረጅም ታሪክ አለው። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 በፈረንጆች አቆጣጠር ሹመታቸውን ሲቀበሉ የቀራቸው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ከእንጨት ነበረ እየተባለ የሚወራው እውነት አይደለም፤ ከዝሆን ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት የተሠራ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ወላቂ ጥርስ የድድ መልክ ባለው አክሪሊክ በሚባል ፕላስቲክ ላይ ይሠራል። ጥቂት ጥርስ ብቻ የጎደለ እንደሆነ የተረፉትን ጥርሶች በትናንሽ ማቀፊያዎች ይይዛል። የዚህ ዓይነቱ ጥቅም ዋጋው ከሌሎቹ ማነሱ፣ ብዙ ጥርስ ባንድ ጊዜ መተካቱና ጤነኛውን ጥርስ ብዙም አለመንካቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የማኘክ ኃይሉ ከተፈጥሮ ጥርስ እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው። ቆሎና ሥጋ ይከብዱታል። ጥርስ ፈጽሞ የሌለበት ሰው እንደሆነ የላይኛው ላንቃን ተደግፎ በምራቅ ይጣበቃል፤ የታችኛው ግን የሚደገፍበት ቦታ ጠባብ ስለሆነና ምላስም ስለሚያነሣው ቶሎ ይነቃነቃል። አጥንቱም ከሥሩ እየቀነሰ ሲሄድ የገጠመው ስለሚላላ በየጊዜው ማስተካከል ያስፈልገዋል።

የማይወልቀውም በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ድልድይ የሚባለው ነው። ሐኪሙ ከጎደለው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሞርዶ ሽፋን ያለብሳቸዋል፤ በመካከላቸውም የጎደለውን የሚተካ ጥርስ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ከቲታንየም የተሠራ ትንሽ ብሎን በመንጋጋ አጥንት ውስጥ መትከል ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1952 በጥንቸል ላይ ጥናት ሲያደርጉ ቲታንየም ከአጥንት ጋር አንድ ሆኖ እንደሚጣበቅ ተመለከቱ፤ በ1965ም ይህንኑ በሰው መንጋጋ ላይ ሠሩበት። የተተከለው ብሎን ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፤ ከዚያም ጥርሱ ይገጠምበታል። ጎረቤት ጥርስ አይነካም፤ ለማኘክም የታመነ ነው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ውድ ከመሆኑም በላይ በቂ አጥንት ይፈልጋል። ሲጋራ ለሚያጤስ ወይም የስኳር በሽታውን ላልተቆጣጠረ ሰውም ያለመያዙ ሥጋት ይበዛል።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ለሁሉ የሚስማማ አንድ መልስ የለም። ይሁን እንጂ ለመምረጥ የሚረዳ አንድ ሚዛን አለ፤ እርሱም የሚሠራው ሥራ ወደ ኋላ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ነው። ወላቂ ጥርስ ያልተስማማው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ የሚያጣው ገንዘቡን ነው። ለድልድይ ሲባል የተሞረደ ጤነኛ ጥርስ ግን ተመልሶ አያድግም፤ ዕድሜውን ሁሉ ሽፋን ሲፈልግ ይኖራል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ቀድሞውኑ የተበላሹና ሽፋን የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ድልድዩ መልካም ምርጫ ነው። ፍጹም ጤነኞች የሆኑ እንደሆነ ግን ከመሞረዳቸው በፊት ስለ ሌሎቹ መንገዶች ሐኪሙን አጥብቆ መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ ለጊዜው ያልተሟላለት ደመወዝተኛም በወላቂ ጥርስ ቆይቶ ኋላ ማስተከል ይችላል፤ አጥንት እየቀነሰ ስለሚሄድ ግን ነገሩን ለብዙ ዓመት ማቆየት አይበጅም።

መካከለኛም መንገድ አለ። የታችኛው ጥርሳቸው በሙሉ ላለቀ ሰዎች ሁለት ብሎን ብቻ ተክሎ ወላቂውን ጥርስ በእነርሱ ላይ ማያያዝ ይቻላል። በ2002 በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለእንዲህ ያሉ ሰዎች መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው ሲሉ ተስማምተዋል።

ደግሞም የጎደለ ሁሉ መተካት አለበት ማለት አይደለም። ሙሉ ጥርስ ያለው ሰው ሠላሳ ሁለት ጥርስ ሲኖረው፣ በሚገባ የሚገጣጠሙ ሃያ ያህል ጥርሶች ያሉት ሰው አብዛኛውን ምግብ ለማኘክ ይችላል። ጃፓኖች በ1989 ሰው ሰማንያ ዓመት ሲሞላው ሃያ ጥርስ እንዲኖረው ብለው ዘመቻ የጀመሩት ይህን በማሰብ ነው። ስለዚህ ከወደ ኋላ አንድ መንጋጋ ብቻ የጎደለውና ማኘክ ያልተቸገረ ሰው፣ ሐኪሙ ከተስማማ፣ ገንዘቡን ለተረፉት ጥርሶች መጠበቂያ ቢያውለው ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ አስቀድማችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ፤ ይልቁንም ደም የሚያቀጥን ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት የምትወስዱ እንደሆነ አትሸሽጉ። ከዚያም ጤነኛ ጥርስ ይሞረድ እንደሆነ፣ ሥራው ስንት ዓመት እንደሚያገለግልና ቢበላሽ ማን እንደሚያድሰው ጠይቁ። ድዱ የታመመ ሰው አስቀድሞ ድዱን ይታከም፤ በታመመ ድድ ላይ የተሠራ ጥርስ በረግረግ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነውና። ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ በርካሽ ማሠራትም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ይሆናል።

ወላቂ ጥርስ ያላችሁ ማታ አውልቃችሁ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና እጠቡት፤ እንዳይደርቅ በንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ በፈላ ውሃ ግን አትንከሩት፤ ቅርጹ ይጣመማልና። አዲስ ጥርስ ያገባ ሰው አነጋገሩ ለጥቂት ሳምንታት ቢኮላተፍ አይደንግጥ፤ በቤቱ ጋዜጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ ምላሱ ቶሎ ይለምዳል። የማይወልቅ ጥርስ ያላችሁም አይበላሽም ብላችሁ አትዘናጉ። ጥርሱ ራሱ ባይነቅዝ በሥሩ ያለው ድድና አጥንት ይታመማል፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚገባውን የምግብ ትርፍራፊ በየቀኑ በክርና በቀጭን ብሩሽ ማጽዳት ያሻል።

ከሰው ሠራሹ ሁሉ የሚበልጠው ግን ገና ያልተነቀለው የራሳችሁ ጥርስ ነው። ትንሽ ሲቦረቦር ቢሞላ አይነቀልም ነበር የሚባልለት ጥርስ ብዙ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንዲሉ፣ ሕመም እስኪያስነሣችሁ ሳትጠብቁ በየጊዜው ወደ ጥርስ ሐኪም ሄዳችሁ ታዩ።