ግርግርና የቃላት ጥናት

አቅራቢ ሀ፦ የቁልፍ ቃል ዘዴ የሚባለው፣ አዲስ የውጭ ቃልን በድምፅ ከሚቀርበው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቃል ጋር አገናኝቶ ሁለቱን በአንድ ምናባዊ ሥዕል የማሰር ስልት ሲሆን፣ ሪቻርድ አትኪንሰንና ማይክል ራው በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 120 የሩስኛ ቃላትን በዚህ መንገድ ያጠኑ የስታንፎርድ ተማሪዎች 72 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ያለ ዘዴው ያጠኑት 46 በመቶ ላይ ቀርተዋል።

አቅራቢ ለ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ «ግሪጌሪየስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ግሩም ማሳያ ነው፤ ፍቺው ከሰው ጋር መዋል የሚወድ ማለት በመሆኑ፣ በገበያ ግርግር መካከል ያገኘውን ሁሉ እየጨበጠ የሚያልፍ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሣለ ተማሪ፣ «ግርግር» ከሚለው ድምፅ ተነሥቶ ፍቺው ላይ ይደርሳል።

አቅራቢ ሀ፦ ሥዕሉ ግን ፍቺውን እንጂ አገባቡን አያስተምርም። ከስድስት ሳምንታት በኋላ በተሰጠ ፈተናም በዘዴው ያጠኑት የስታንፎርድ ተማሪዎች ውጤት ወደ 43 በመቶ ወርዷል።

አቅራቢ ለ፦ እርግጥ ነው፤ የሌሎቹ ደግሞ 28 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ያመለከተው አራርቆ የመከለስ ልማድ፣ ማለትም ጥናትን በአንድ ቀን ከማጨቅ ይልቅ በተለያዩ ቀናት ማከፋፈል፣ ከዘዴው ሊነጠል አይገባም፤ በየክለሳውም ተማሪው ቃሉን በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መጻፍ ይኖርበታል።